ያልታጠበው ገል

ልጄ ይታይሽ ትናንት ከባሕር ሸሹ ማሳችን ጭቃ የለበሰ ገል አንስታ መጣች። ሳየው እጄ ወደ ውኃው ባልዲ ሄደ፤ ወዲያው ደንግጨ መለስሁት።

ልጅ ሳለሁ፣ በበጋ ጣና ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ውኃው በለቀቀልን መሬት ላይ አባቴ ሽንብራ ይዘራ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል የቀረሁትም ያንን ማሳ ከከብት ስጠብቅ ነው። የርጥብ ጭቃውና የደንገሉ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋ። ስጠብቅ ታዲያ ዓይኔ መሬት ላይ ነው፤ ስለት ያለው ጥቁር ባልጩት፣ የተበሳ ድንጋይ፣ ገል፣ ያገኘሁትን ሁሉ እለቅማለሁ። እናቴ የሙት ዕቃ ቤቴ አታግቢብኝ ትላለች፤ እኔ ከጎተራው ሥር እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ግማሹ የቀረ ማሰሮ አገኘሁ። ውስጡ እንደ ከሰል የጠቆረ እህል ተጣብቆበታል። የሰፈራችን የኔታ አይተው ተገረሙና የጥንት ዕቃ ለሚመረምሩ አንድ ሰው መልእክት ላኩባቸው። ይመጣሉ በተባለው ቀን እናቴ፣ ለእንግዳ ያደፈ ዕቃ አይቀርብም ብላ፣ በአመድና በአሸዋ ፈትጋ አጸዳችው።

ሰውየው ማሰሮውን አገላብጠው ውስጡን አዩ።

«እህሉስ?»

«ለእርስዎ ብዬ አጠብሁት ጌታዬ» አለች።

አልተቆጡም። የጥንቱ ሰው ምን ይበላ እንደነበር የሚነግረን እሱ ነበር አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ቦታውንስ ታሳዪኛለሽ፣ የኔ ልጅ?»

እናቴ ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ። ቦታው ከታወቀ መሬታችንን አጥረው ይወስዱብናል ብላ ፈርታለች። እኔም መሸንቲ ገበያ ወድቆ ነው ያገኘሁት አልሁ። አምነውኝ፣ ያልሁትን ጽፈው ሄዱ። ማሰሮው የጨው ማስቀመጫ ሆኖ ኖሮ በኋላ ተሰበረ።

ያ ማሳ ዛሬ የእኔ ነው። ልጆቼ የሚበሉት ከእሱ ነው፤ እናቴ የፈራችውን እኔም እፈራለሁ። ይታይሽ «እማ፣ ልጠበው?» ስትለኝ ግን እንዳትነኪው አልኋት። ይዣት ወርጄ፣ ገሉን ካነሳችበት ላይ እንጨት ተከልን። ነገ ከነጭቃው በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ባሕር ዳር፣ የቅርስ ቢሮ እንወስደዋለን። ከየት ነው ካሉኝ፣ ከማሳዬ ነው፣ ኑና ላሳያችሁ እላለሁ።

እናቴ ብትኖር ትቆነጥጠኝ ነበር። ትቆንጥጠኝ፤ ዘንድሮ እናገራለሁ።