የማይታመመው ጉልበት

ሰው ሁሉ ታላቅ ወንድሜን አውቀዋለሁ ይላል። ታክሲ ውስጥ ዝምድናችንን የሰማ ሁሉ ዞር ብሎ ከላይ እስከ ታች ያየኝና፣ የአንቴና እህት አንቺ ነሽ ወይ ይለኛል። አዎ፣ እኔ ነኝ። ቁመቱን ሁለቱ ወንድሞቼ ተካፍለውት ለእኔ የደረሰኝ ምላስ ብቻ ነው። ሰዎች ስለ አንቴና ሲያወሩ የሚያወሩት ጭብጨባውንና ዋንጫውን፣ ሃያ ዓመት ገደማ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት መኖሩን ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ስለ ታናሻችን የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው።

አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ቤቱን የያዘው አንቴና፣ እኛ ጋሼ የምንለው፣ ነበር። ክለብ የገባው ገና ጢም ሳያወጣ ነው። የቤታችን በር ግንባሩን ስለሚገጨው ጎንበስ ብሎ መግባት ልማድ ሆነበት፤ ዛሬም ትልቅ አዳራሽ ሲገባ ጎንበስ ይላል። ታናሻችን ማሙሽ ደግሞ ሲያስል እንኳ እንደ ጋሼ ነበር የሚያስለው። በቁመትም ተከተለውና እዚያው ክለብ ገባ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ እናታችን፣ የወለድኩት ልጅ ነው ወይስ የስልክ እንጨት እያለች ትስቅ ነበር። ማሙሽን ያን ሁሉ ቁመት ይዞም ማሙሽ ማለቱን የተወ የለም።

በተጫዋቾች ዘንድ አንድ ልማድ ነበር። ውል ከመታደሱ በፊት የክለቡ ሐኪም ሁሉንም ይመረምራል፤ ያመመውም ያላመመውም ደህና ነኝ ይላል። አመመኝ ያለ አይፈርምም። ጋሼ በዚህ ነገር የተካነ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ እንኳ ከሐኪሙ ጋር እየተሳሳቀ ይወጣል፤ ጓደኞቹም ቲያትር ቤት ብትቀጠር ይሻልህ ነበር ይሉታል።

ማሙሽ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ውል ሊታደስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ ዘሎ ሲወርድ የሰው እግር ላይ አረፈና ጉልበቱ ቋ አለ። አብጦ ሱሪ አላስገባ አለው። ፈርቶ ለሐኪሙ ልናገር ወይ ብሎ ጋሼን ቢጠይቀው፣ ጋሼ ሳቀበት። ከዚያም የሳሎኑን ወንበሮች ወደ ጥግ ገፍቶ ያስተምረው ጀመር። ጠዋት በረዶ ትይዝበታለህ። ደረጃ ስትወርድ የታመመውን እግር ታስቀድማለህ። ሐኪሙ ሲጫንህ ትንፋሽህን አትያዝ፣ ይልቅስ ስለ ልጆቹ ጠይቀው። ጋሼ ራሱ እንደ ሐኪም ሆኖ ጉልበቱን ይጫነዋል፣ ማሙሽም ላብ በላብ ሆኖ፣ ዶክተር ልጆች እንዴት ናቸው ይላል። ክፋት አልነበረበትም። ጋሼ በዚህ መንገድ ዓመታት ስለኖረ ወንድሙም የሚኖር መሰለው።

ማሙሽ ምርመራውን አልፎ ፈረመ። ውድድሩ ሳይጋመስ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው ጅማቱ ተበጠሰ። ክለቡ አንድ ጊዜ አሳከመውና አሰናበተው። ቅስሙ ተሰብሮ ከረመ፤ ኋላ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ፈልጎ ሞባይል ጥገና ጀመረ። ጋሼ ሲጠይቀው ድኛለሁ፣ ምንም አይለኝም ይለዋል። ከወንበሩም ተነስቶ ቀጥ ብሎ እየተራመደ እስከ ሱቁ በር ይሸኘዋል።

ጋሼ ከክለብ ክለብ እየተዛወረ ጸጉሩ እስኪሸብት ተጫወተ። ማሙሽ ከተማችን ውስጥ የተደረገ ጨዋታ አምልጦት አያውቅም። የሚቀመጠው ሁልጊዜ በሩ አጠገብ፣ የፊተኛው ረድፍ ላይ ነው። ጋሼ፣ ቅርብ ሆኖ ሊያየኝ ስለሚወድ ነው እያለ ለሰው ያወራል። እኔ ደረጃ መውጣት ስለማይችል መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ማሙሽ አስምሎኛል። ጋሼ ስለ ፊተኛው ረድፍ ባወራ ቁጥር ደሜ እየፈላ አፌን እይዝ ነበር።

ጋሼ ጨዋታ ካቆመ በኋላ አንድ ቀን ሳይደውል ወደ ሱቁ ሄደ። ከመንገዱ ማዶ መኪና እስኪያልፍ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ሰው ግድግዳ እየተደገፈ፣ ቆም እያለ ሲሄድ አየ። ማሙሽ ነበር። ሳያናግረው ተመልሶ እኔ ቤት መጣ።

"ሽማግሌ መስሎኝ እኮ ነው" አለኝ። "ሽማግሌ መስሎኝ ተሻግሬ ልደግፈው ነበር።"

ከዚያ አለቀሰ። ለዓመታት ያዘጋጀሁለት ስድብ ነበረኝ፤ ግን አንጀቴን በላውና ተውኩት።

ማሙሽን አባብለንም ተቆጥተንም አጥንት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሦስታችንም ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጋሼን ሲያይ ደስ አለው። የማሙሽን ጉልበት ይዞ፣ እዚህ ጋ ያምሃል ወይ ሲለው ማሙሽ በመጀመሪያ ወደ ጋሼ አየና የለም አለ። ሌላ ቦታ ተጫነው፤ አሁንም የለም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሐኪሙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጫነው ማሙሽ ፈገግ ብሎ፣ "ዶክተር፣ ልጆች አሉዎት?" አለው።

ጋሼ ተነስቶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ማሙሽ ጮኸ። የጠራው እናታችንን ነበር። ጋሼ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ቆይቶ አወረደውና እስከ መጨረሻው ሰማ።

ሐኪሙ፣ ማሙሽ ቀድሞ መጥቶ ቢሆን ይድን ነበር አለን። አሁን የሚቻለው ሕመሙን መቀነስ ብቻ ነው።

ስንመለስ መኪናውን የሚነዳው ጋሼ ነበር። ማሙሽ አጠገቡ፣ እኔ ከኋላ። ብዙ ከሄድን በኋላ ጋሼ ሕመሙን ለምን እንዳልነገረው ጠየቀው።

"ብነግርህስ?" አለው ማሙሽ። "እውነቱን ንገረኝ ጋሼ፤ ለእኔ ብለህ ጨዋታውን ትተወው ነበር?"

ጋሼ ዋሽቶ ቢሆን ይሻል ነበር ብዬ የማስብበት ቀን አለ።

"አልተውም ነበር" አለ።

ማሙሽ ጉልበቱን እያሸ ራሱን ነቀነቀ። "ዝም ያልኩት ይህችን መልስ እንዳልሰማ ነው።"

ቤቱ በር ላይ አወረድነው። እያነከሰ ገባ፤ ጋሼም በሩ እስኪዘጋ ድረስ አየው።