አሸተን ያልነው ፕሪንተር

ሆስፒታሉ ሥራ ስጀምር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ኮምፒውተር የተማርኩት ከመምህር አይደለም፤ ላሊበላ ገበያ አጠገብ ካለ ፎቶ ቤት ጓዳ ተቀምጬ፣ የተበላሸውን እየፈታሁ፣ የፈታሁትን መግጠም ሲያቅተኝ እያለቀስኩ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ጋሼ ደምሴ አንድ ስክሪን ፊት አስቀመጡኝ። የግቢው ፕሪንተሮች በሙሉ በአንድ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይታያሉ፤ ቀለም ያለቀበት፣ ወረቀት የተሰነቀረበት፣ የተኛው። ስማቸው ግን ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ።

«የትኛው የት እንዳለ በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አላውቅማ። አንዱ ሲታመም ክፍል ለክፍል እየዞርኩ እፈልገዋለሁ። አንቺ ጉልበት አለሽ፣ ስም አውጪላቸው።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሪንተሩ ዘንድ ትሄዱና ስለራሱ የሚናገርበትን ገጽ ታሳትሙታላችሁ። ገጹ ላይ ሁለት መታወቂያ ይወጣል። አንዱ አድራሻው ነው፤ መሣሪያዎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ራውተር ለጊዜው የሰጠው። ሌላው ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር ነው፤ እስኪሞት ድረስ አብሮት ይኖራል። አድራሻው አጭር ስለሆነ ለዓይን ይቀላል። በሆስፒታሉ ልማድ ፕሪንተር ሶፍትዌሩ ላይ የሚመዘገበው ባድራሻው ነበር፤ እኔም ስሙን ካድራሻው ጋር አሰርኩት።

ሆስፒታላችን ተዳፋት ላይ ነው። ማዋለጃው ከሁሉም በላይ ነው፤ ጉም ሲወርድ በመስኮት ገብቶ እናቶቹን አልጋ ላልጋ የሚጠይቅ ይመስላል። እዚያ ያለው ፕሪንተር ዘንድ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ አለና «አሸተን» አልኩት፤ ተራራው ላይ ያለውን ገዳም የተሳለመ ሰው ይገባዋል። ከግቢው ሥር ያለውን የመድኃኒት መጋዘኑን ፕሪንተር «ቆላ» አልኩት።

ጋሼ ደምሴ ሳቁብኝ። «ክርስትናውስ መቼ ነው? ድግስ አለው?»

ሠራተኛው ግን ስሞቹን ወደዳቸው። «አሸተን ቀለም ጨረሰ» ይሉኛል። «ቆላ ዛሬም ትኩሳት ይዞታል» ይሉኛል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለው ድምፅ እስከ ዛሬ በሕልሜ ይመጣል። ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ፕሪንተሮቹ ተራ በተራ ይነቃሉ። ሆዳቸው ይጮኻል፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ከእንቅልፉ የባነነ ሰው የት እንዳለ እስኪያውቅ ዝም እንደሚለው።

በአንድ የክረምት ረፋድ የአክስቴ የእትዬ ትርንጎ ልጅ ብርቱካን ከብልባላ በምጥ መጣች። ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። አዋላጇ ሲስተር ሰብለ የደሟን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላከች። በሆስፒታላችን ደም የሚሰጠው የታተመ ውጤት ሲቀርብ ነው፤ በእጅ የተጻፈ አይቀበሉም፣ የሰው ስም ይመሳሰላልና። የላቦራቶሪው ፕሪንተር ደግሞ ተበላሽቶ መለዋወጫ እየጠበቅን ስለነበር ውጤቱ በቀጥታ ማዋለጃው ድረስ ይላካል። በዚህ መሐል መብራት ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ መጣ።

ሲስተር ሰብለ ላቦራቶሪ ደወለች። ስልኩን ያነሣው ሰይድ ነው። እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

«ሰይድ፣ ውጤቱ የታለ?»

«አሸተን ላይ ልኬዋለሁ። ደግሜም ልኬዋለሁ።»

«አልመጣም እኮ ነው የምልህ። ልጅቷ እየገረጣችብኝ ነው።»

«ታትሟል ይለኛል። አላህ ያውቃል፣ እኔ ምን ልበል?»

ሽቅብ ሮጥኩ። አሸተን ነቅቷል፣ ወረቀቱም ሙሉ ነው። አንዲት ቅጠል አላወጣም። በሩ ላይ አክስቴ ከንስሐ አባታቸው ጋር በስልክ ይነጋገራሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው።

«አባቴ፣ ልጄን በጸሎት ያስቡልኝ። ብርቱካን ብለው አይደለም፤ እሱ እኛ የምንጠራበት ነው። ወለተ ማርያም ይበሉልኝ። በዚያ ነው የምትታወቀው።»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እኛስ ይህን ፕሪንተር የምናውቀው በምኑ ነው? ባድራሻው። አድራሻውን ደግሞ መብራት በመጣ ቁጥር ራውተሩ ቀድሞ ለነቃው ያድለዋል፤ እስከዛሬ ተራቸው ስላልተዛነፈ አላስተዋልንም። ጎንበስ ብዬ ከጀርባው የተለጠፈውን የፋብሪካ ቁጥር አነበብኩና ለጋሼ ደምሴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አሸተን የሚለውን ይተዉት። ይህን ቁጥር ይፈልጉልኝ።»

ቁጥሩን ሲጽፉ ይሰማኛል። ከዚያ፣ «አገኘሁት። ቆላ በሚለው ስም ነው ያለው» አሉ።

«እንግዲያው ሰይድ ውጤቱን ወደ ቆላ ይላከው።»

«መጋዘን እኮ ነው ልጄ። ተቆልፏል፤ የመጋዘኑ ሰውዬ ቀብር ሄዷል።»

«ይላክ ጋሼ።»

አክስቴ ስልካቸውን ዘግተው አጠገቤ ቆሙ። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ኋላ አሸተን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወረቀቱ እንደሞቀ ወጣ። ሲስተር ሰብለ ከእጄ ነጥቃኝ ሄደች።

ሰይድ ደወለልኝ። «አብሽሪ፣ ደረሰ?»

«ደረሰ።»

ደሙ ተሰጣት። ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ዓይኗን ገልጣ፣ ወንድ ነው ሴት ብላ ጠየቀች።

መጋዘኑ ሲከፈት የቀሩት ውጤቶች ቆላ ሥር መሬት ላይ ተነጥፈው ተገኙ። ሶፍትዌሩ አልዋሸም፤ ታትሟል። ቆላ ቀድሞ ነቅቶ የአሸተንን አድራሻ ወስዶ ኖሯል፣ አሸተንም የእሱን።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም በፋብሪካ ቁጥራቸው መዘገብኳቸው። ራውተሩም ለአንዱ ቁጥር ሁልጊዜ ያንኑ አድራሻ እንዲሰጥ አደረግሁ። መብራት አሁንም ይሄዳል። ሲመጣ እንደ ልማዳቸው ይባንናሉ፤ ግን ሁሉም ራሱን ሆኖ ይነሣል።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ፦ ፕሪንተርን በማይለወጠው ቁጥሩ መዝግቡት። ስሙን ደግሞ ሰው አፍ ላይ የሚቀመጥ አድርጋችሁ አውጡለት።

አክስቴ፣ ብርቱካን ስትጠና፣ የስለታቸውን ጃንጥላ ይዘው በእግራቸው አሸተን ማርያም ወጡ። ሲወርዱ ማዋለጃው ጎራ አሉ። ከገዛ ፈትላቸው የተሸመነ ቁራጭ ጨርቅ ከጉያቸው አወጡና «እዚህ ጉም ይገባል» ብለው ፕሪንተሩን አለበሱት። ከዚያ ወደ ብልባላ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወረዱ።