ላም የማባረር ቅጣት

ወሬው ዶላሞን ያገኘው ሜዳው መሐል ቆሞ ሳለ ነው። ማክሰኞ ነበር፤ ማክሰኞ ደግሞ አውሮፕላን የሚያርፍበት ቀን ነው። የእድሩን ሴቶች የሚያዙት ጎረቤቱ ወይዘሮ የሺሀረግ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በጤዛማው ሣር ላይ እየተደናቀፉ ሲመጡ ከሩቅ አያቸው። ነጠላቸውን ባየ ጊዜ ገባው። ቢሆንም ቆሞ ጠበቃቸው።

«ዶላሞ፣ አስቻለች አረፈች» አሉት።

ሚስቱ ናት። ወባ ከጣላት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ጠዋት ሲወጣ ቀለል ያላት መስሎ «ሂድ እንጂ፣ ላሞችህ ይናፍቁሃል» ብላ ቀልዳበታለች።

ዶላሞ አፉን ሲከፍት የአውሮፕላኑ ድምፅ ከጋራው ጀርባ ተሰማ። ሜዳው ላይ አሥራ አንድ ላሞችና አንድ አህያ አሉ። «እሺ» አለና ዱላውን አንስቶ ወደ ላሞቹ ሄደ። አሥራ አንዱንም አስወጣ፤ አህያውንም አስወጣ፤ አውሮፕላኑ መሬት እስኪነካ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ። ያቺ «እሺ» በጂንካ ለብዙ ጊዜ ስትመነዘር ከረመች።

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሐል ያለ የሣር ሜዳ ነው። ሣር ካለ ከብት አለ፤ ከብት ካለ አውሮፕላን አያርፍም። በሁለቱ መካከል መንግሥት ያቆመው ዶላሞን ነው። አውሮፕላኑ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ሲሆን ዶላሞ ግን ሰባቱንም ቀን ይወጣል። ጎህ ሲቀድ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ የቡና ቅጠል አፍልቶ በቅል ይጠጣል፤ ዱላውን ይይዛል፤ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ነፋሱን የሚያሳየውን ጨርቅ ከምሰሶው ላይ አይቶ ይመለሳል።

«ላሞቹ እንኳ አውሮፕላኑ የሚመጣበትን ቀን ለይተው ያውቃሉ። ያልለየኸው አንተ ብቻ ነህ» ትለው ነበር አስቻለች።

«በአዘቦት ካልለመዱኝ ማክሰኞ አይሰሙኝም» ይላት ነበር።

ይህንኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተባባሉ። ሌላ ብዙ አይነጋገሩም ነበር።

በተቀበረች ማግሥት፣ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንዳንቀላፋ፣ ዶላሞ ተነሣና ፊቱን ታጠበ። ዱላውን ሲያነሳ ወይዘሮ የሺሀረግ ነቁ።

«አንተ ሰው፣ ወዴት ነው?»

«ሜዳው ጋ።»

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው! ምን አውሮፕላን አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለላሞቹ መርዶ ልትነግር ነው?»

ዶላሞ መናገር ቢያውቅበት ኖሮ፣ ቤት ውስጥ ትንፋሹ ደረቱ ላይ እንደሚቆም፣ ሜዳውን ግማሽ ያህል ሲሄድ ግን ትንፋሹ ተመልሶ እንደሚመጣ ይነግራቸው ነበር። አላወቀበትም። «ቶሎ እመለሳለሁ፣ እትዬ» ብሎ ወጣ።

ጸሐይ ሳትሞቅ ከተማው ሁሉ ሰማ። ልበ ደረቅ ነው አሉት። የሚስቱ አፈር ሳይደርቅ ላም ያግዳል አሉት። አንዳንዱም አስቻለች ድሮም በላሞቹ ትቀና ነበር ብሎ ጨመረበት።

ይህ ሐሜት የአውራጃው ካድሬ ጓድ ሣህሌ ዘንድ ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ። ዓመቱ ሰባ ሰባት ነው፤ ፓርቲው ገና መመሥረቱ ነው፤ ከክፍለ ሀገሩ «ኮከብ ሠራተኛ መርጣችሁ ሪፖርት አድርጉ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ወር ሆኖታል። ጓድ ሣህሌ ኮከብ ፍለጋ መጋዘኑን፣ ክሊኒኩን፣ ግብርናውን ዞሮ ያገኘው ሠራተኛ ሁሉ ወይ ፈቃድ ላይ ነው፣ ወይ ከፈቃድ ሊመለስ ነው። እናም በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ ለቀስተኛው ንፍሮውን እንደያዘ፣ ቆሞ ተናገረ።

«ጓዶች! ጓድ ዶላሞ ሐዘን ምርትን እንደማያስተጓጉል በተግባር አሳይቶናል!»

«ምን አመረተ?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ለጎረቤታቸው ቀስ ብለው።

«ላም ነዋ።»

በሁለተኛው ሳምንት ዶላሞ በአውራጃው አዳራሽ ሕዝብ ፊት ቆሞ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። ወረቀቱ «የግል ስሜቱን ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ስለሠዋ» ይላል። ዶላሞ ምን እንደሠዋ አልገባውም። ሜዳውን የሚሄደው ለሰፊው ሕዝብ አልነበረም፤ እንዳይወድቅ ነበር።

ጉዱ የመጣው ከወረቀቱ በኋላ ነው። ኮከብ ሠራተኛ ላም ሊያባርር አይገባም ተባለ። ዶላሞ የሥራ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፤ ጠረጴዛም ተሰጠው። ጎህ ሲቀድ፣ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ የኮከቦች የንባብ ክበብ እንዲገባ ታዘዘ። ሜዳውን የማጽዳት ሥራ ደግሞ ለሰፊው ሕዝብ በተራ ተደለደለ፤ ሰኞ ለሴቶች ማኅበር፣ ማክሰኞ ለገበሬዎች፣ ረቡዕ ለወጣቶች እየተባለ ድልድሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ዶላሞ መውደቅ የጀመረው ያኔ ነው። ጠዋት ፊቱን መታጠብ ረሳ። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ኮሚቴ መራ፤ የኮሚቴው አባላት አዲስ መመሪያ መስሏቸው ዝም አሉ። እህል አልወርድ አለው። አንድ እሑድ ወይዘሮ የሺሀረግ ቆጮ ይዘውለት ቢመጡ፣ ምድጃው ቀዝቅዞ፣ እሱ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ሲያይ አገኙት።

አጠገቡ ተቀመጡ።

«ባሌ የሞተ ጊዜ» አሉ፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃፌን በቀን ሁለቴ ጠረግሁ። ሰው የሺሀረግ ጽዱ ናት ይለኝ ነበር። ጽዳት ነው እንዴ! መጥረጊያውን ከጣልኩት የምይዘው ስለሌለኝ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ሰደቡኝ?»

«ታዲያ ሳልሰድብህ ምን እንደሆንክ እንዴት ልወቅ? አንተ ሰው፣ ተነስና ላሞችህን አባር!»

በማግሥቱ ዶላሞ ወደ ሜዳው ልመለስ ብሎ ማመልከቻ ጻፈ። ጓድ ሣህሌ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

«ጓድ፣ ከኮሚቴ ወደ ላም መመለስ አድኃሪነት ነው። ሆኖም አሠራር አለ። ጉዳዩ የሚመለከተው የሥራ ዲሲፕሊን ኮሚቴውን ነው።»

«ሰብሳቢው እኔ ነኝ እኮ።»

«እንግዲያው ለራስህ አስገባ።»

አስገባ። የራሱን ማመልከቻ ራሱ ተቀብሎ በአጀንዳ ያዘው። በስብሰባው ዕለት ግን ደንቡ ተነበበ፤ ባለጉዳይ ጉዳዩ ሲታይ ከአዳራሽ መውጣት አለበት፤ ሰብሳቢ በሌለበትም ስብሰባ አይካሄድም። ዶላሞ ወጣ፤ ስብሰባው ተቋረጠ፤ ገባ፤ ተጀመረ፤ ወጣ። ጉዳዩ በይደር ተያዘ።

ከዚያ ከክፍለ ሀገሩ ትልቅ ሰው ይመጣል ተባለ። ማክሰኞ ነው። የገበሬዎቹ ተራ ነበር፤ ሆኖም ገበሬዎቹ፣ ሴቶቹም፣ ወጣቶቹም የአቀባበል መዝሙር ሊለማመዱ ከማለዳው አዳራሽ ገብተዋል። እያንዳንዱ ማኅበር ሜዳውን ሌላው ያጸዳዋል ብሎ ልቡን ጥሏል። ላሞቹ ግን መዝሙር የለባቸውም።

አውሮፕላኑ ከጋራው ጀርባ ብቅ አለ፤ ዝቅ አለ፤ መልሶ ከፍ አለ። ዞረ። እንደገና ዝቅ አለ፤ እንደገና ከፍ አለ። ዶላሞ በሦስተኛው ዙር ከወንበሩ ተነሣ።

«ጓድ ዶላሞ! ፕሮግራሙ አላለቀም!» አለ ጓድ ሣህሌ።

«ላሞቹ አልወጡም።»

«ተራው የገበሬዎች ነው!»

ዶላሞ አልሰማም። ዱላውን ቤቱ ትቶታልና ከበሩ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የተጻፈበትን ጨርቅ ከነዘንጉ ነቅሎ ሮጠ። ላሞቹ ካዩት ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል! ሲያዩት ግን አንድም ያመነታች የለችም። እሱ «ሄጅ!» ሲል፣ ጨርቁ ከኋላው ሲርገበገብ፣ ሁሉም በለመዱት በኩል፣ በለመዱት ቅደም ተከተል ወጡ። ትልቁ ሰው ወርዶ መጀመሪያ ያየው፣ ሸሚዙን ገልብጦ የለበሰ፣ የአቀባበሉን ጨርቅ ደረቱ ላይ አቅፎ የሚያለቅስ ሰው ነው።

«ይህ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«የሥራ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው» አለ ጓድ ሣህሌ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ስለ ምን ያለቅሳል?»

«በደስታ ነው፣ ጓድ።»

በሳምንቱ ደብዳቤ ወጣ። ጓድ ዶላሞ ያለፈቃድ ስብሰባ ጥሎ በመውጣቱና የአቀባበል ጨርቅ ላይ ጭቃ በማድረጉ ከሰብሳቢነቱ ተሽሮ፣ ከንባብ ክበቡም ተሰርዞ፣ ለትምህርት ይሆነው ዘንድ ላልተወሰነ ጊዜ ከአውሮፕላን ሜዳ ላይ ላም እንዲያባርር ተቀጥቷል። ዶላሞ «ላልተወሰነ ጊዜ» የምትለውን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ተቀጣህ አሉ» አሉት ወይዘሮ የሺሀረግ በአጥር ላይ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንኳን ማርያም ማረችህ! ሸሚዝህን ግን ገልብጥ።»

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ አውሮፕላን የለም። ዶላሞ ጎህ ሲቀድ ፊቱን ታጥቦ ወጥቷል፤ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዷል፤ ሲመለስ የቦዬ ሥር ቀቅሎ በልቷል። እንቅልፍም ጥቂት ጥቂት ይወስደው ጀምሯል። አስቻለች በጓሮ የተከለችው ጎደሬ የሚወጣበት ወቅት አልፏል። እስካሁን አልቆፈረውም።