ሲስተር ሂልዳ ስለ አባታቸው ሰርጓጅ መርከብ የነገሩኝ ቀን
ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ዛሬ ይህን ሳልመሰክር ወደ ቤቴ ብመለስ ሆዴ አያርፍም፤ ትንሽ ታገሡኝ።

እኔ ዓለም ከተማ የምትባለው የገጠር ከተማ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ተሾመ ባሕር ኃይል ነበር። አገራችን ገና ባሕር በነበራት ዘመን፣ በጦርነቱ መርከባቸው ተመትታ ሰጠመች ተባለ። አማቴ እማማ አስካለ ድንኳን አስተክለው ለቅሶ ሲቀመጡ፣ «አስከሬኑን ሳላይ አላለቅስም! ልጅዎን በቁሙ ቀበሩት!» ብዬ ተጣላኋቸው። ሰባት ዓመት አላናገርኳቸውም። ቤታቸው ከቤቴ ሦስተኛው ነው እኮ!

ከዚያ የበላሁት ምግብ ሆዴ ውስጥ አልረጋ አለኝ። ሰውነቴ አለቀ። ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ፣ «ጨጓራሽ ደህና ነው፤ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ።

እዚያ አንዲት ጀርመናዊት ነርስ ነበሩ፤ ሲስተር ሂልዳ ይባላሉ። አማርኛችንን አቀላጥፈው ይናገራሉ። ነገሬን ከሰው ሰምተው ኖሮ፣ ስወጣ ተከትለውኝ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«አባቴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰርጓጅ መርከብ መካኒክ ነበር» አሉኝ። «መርከቡ ከባሕር ሥር ነው የሚሄደው። ሁለት ጊዜ ዘምቶ ተመለሰ። የሌላ አገር የጭነት መርከቦችን አሰጥመዋል፤ እነዚያም ላይ የሰው ባሎች ነበሩ። በሦስተኛው ጉዞ ከላይ ቦምብ ተጣለባቸው፤ አንድም ሰው አልወጣም። እኔ ገና በእናቴ ሆድ ነበርኩ። እናቴ ግን ሞቷል አላለችም። እስክትሞት ሸሚዙን ትተኩስለት ነበር። በር በሩን ስታይ፣ እኔን ሳታየኝ አደግሁ።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ?» አልኳቸው።

«አባቴንም፣ እሱ ያሰጠማቸውንም ሰዎች ለኢየሱስ ሰጠሁ። ባሕሩ የእሱ ነው።»

ሃሌ ሉያ! ወገኖቼ፣ ያኔ እንባዬ ፈነዳ! እዚያው አግዳሚው ላይ ጸለዩልኝ፤ ጌታን ተቀበልኩ። ቤቴ እንኳ ሳልገባ በቀጥታ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰፌድ ይዘው ገብስ ሲለቅሙ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ተሾመ ሞቷል። ይቅር ይበሉኝ፤ አብረን እናልቅስ» አልኳቸው።

ሰፌዱን ጥለው አቀፉኝ። «ልጄ፣ ሰባት ዓመት ብቻዬን እኮ ነው ያለቀስኩት!» አሉኝ።

ከዚያ በእጃቸው አጎረሱኝ፤ ረጋልኝ። ክብር ለጌታ ይሁን! እሳቸው ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ እኔ እዚህ እመጣለሁ፤ አንዳችን ለሌላችን ሳንጸልይ ግን አንውልም።

እኅቴ፣ ወንድሜ፣ ሳይመለስ የቀረብህን ሰው በሩ ላይ ቆመህ የምትጠብቅ ከሆነ፣ ለጌታ ስጠው። ባለቤቴ የት እንዳረፈ ዛሬም አላውቅም። የሚያውቀውን ግን አውቀዋለሁ። እመኑት!