ፀሐይ የሚሞቁ የባትሪ ድንጋዮች

ስማዳ ውስጥ፣ ከወረዳው ከተማ ከወገዳ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስሄድ ቀበሌ ወጣት አስተማሪ ሳለሁ፣ የትምህርት ቤታችን ጥቁር ሰሌዳ የሚታደሰው በሞተ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ይቀጠቀጣል፣ ከሆዱ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት በውኃ ይለወሳል፣ ከዚያ በጭብጥ ቅጠል ሰሌዳው ላይ ይታሻል። ዛሬ መርዝ ነው ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ እስከ ክርኔ ጠቁሬ በዚያው እጄ ቆሎ እቆረጥም ነበር።

ችግሩ፣ አገሩ የሞተ ድንጋይ አልነበረውም። ማለቴ፣ ሞቷል ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም። ሬዲዮው ማንሾካሾክ ሲጀምር ድንጋዩ ይወጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ አርፎ እንደገና ሥራ ይገባል። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ። ይህ ነገር እኔን ያናድደኝ ነበር። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ሰሌዳው ገርጥቷል፤ «ለምዝገባ የሚመጣ ሁሉ አንድ የሞተ ድንጋይ ይዞ ይምጣ» ብዬ አስለፈፍኩ። የመጣልኝ ስምንት ብቻ ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት፣ ቤት ያከራዩኝ እናት ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ፣ በግቢው ካብ ላይ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ጎን ለጎን ተቀምጦ አየሁ። ዝገት ጀማምሯቸዋል። እሰይ አልኩና ወስጄ ከሌሎቹ ጋር ቀጠቀጥኳቸው።

እኒህ እናት ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸውም ከተማ ገብታ ድምፅዋ ከጠፋባቸው ሁለት ዓመት የሆናቸው ሴት ነበሩ። ከጎረቤታችን ቄስ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ካቡ ሄዱ።

«አንተ መምህር፣ ድንጋዮቼን አየሃቸው?»

«የትኞቹን?» አልኩ፣ እጄን ወደ ኋላዬ ደብቄ።

«ለዛሬ ያሞቅኋቸውን። ልጄ ለሬዲዮ ደብዳቤ ሰዳለች። ዛሬ ከሰዓት ይነበባል ብላ በነጋዴ ልካብኛለች። በሕይወት መኖሯንም በዚሁ ነው የሰማሁ።»

እጄን አውጥቼ አሳየኋቸው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ጥቂት አዩኝና «አይ አንተ ልጅ» ብለው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ እንደዚያ አፍሬም አላውቅ።

የቀበሌው ሱቅ ድንጋይ ከጨረሰ ሰንብቷል። ወገዳ ደርሼ እስክመለስ ደግሞ ይመሻል። ቄሱ ቀድመው ሳቁ። «እንግዲህ ሰሌዳህ ያንብብልና!» አሉኝና የራሳቸውን የእጅ ባትሪ ፈተው ሁለት ድንጋይ አወጡ። «ለማኅሌት መሄጃዬ ናቸው። አትቀጥቅጥብኝ ታዲያ!»

የቄሱም ድንጋዮች ቢሆኑ ነፍስ አልነበራቸውም። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞርኩ። ለትምህርት ቤቱ ስለምን «የለንም» ብለው የማሉልኝ ሰዎች፣ ለልጅቷ ደብዳቤ መሆኑን ሲሰሙ አንዱ ከጣሪያ ሣር፣ አንዱ ከሣጥን፣ አንዷ ከመቀነቷ ቋጠሮ እየፈቱ አወጡ። ሰዎቹን ታዘብኳቸው፤ ወደድኳቸውም። ስድስት ደካማ ድንጋይ ሞላልኝ። በደብተር ልባስ ጠቅልዬ አንዱን በአንዱ ጀርባ ደረደርኩና በገመድ ጠፍሬ፣ በሽቦ ከሬዲዮው ጋር አገናኘሁት።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ሞላ። ሬዲዮው ተነፈሰ። አንባቢው ግን የሌላ አገር ሰው ሰላምታ ይዘረዝራል፤ አጎት፣ አክስት፣ የአክስት ልጅ አያልቅም። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ እኔ በላብ ተጠመቅሁ። ቄሱ ጆሯቸውን አስጠግተው «ፍጠን እንጂ አንተ!» እያሉ አንባቢውን ይቆጡታል።

በመጨረሻ የቀበሌያችን ስም ተጠራ።

«እናቴ ሆይ፣ ደህና ነኝ፤ አትጨነቂ። ይህን ሰላምታ የምንልክልሽ እኔና ባለፈው ወር የወለድኳት ልጄ...»

ሬዲዮው ጸጥ አለ። ጥቅሉን ጨመቅሁት፣ አራገፍኩት፤ ሳላስበው ጫፍ ያለውን ድንጋይ አውጥቼ ነከስኩት። ምንም የለም።

«እሷና ማን አለ?» አሉ እናትየው።

«የወለደቻት ልጇ!» ግቢው በአንድ አፍ መለሰ።

አላመኑም። ቄሱን እንደገና አስባሏቸው። እኔን ሁለቴ አስባሉኝ፤ ይህ ቅጣትህ ነው በሚል ዓይን እያዩኝ። ከዚያ ብድግ አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደዚያ ድምፁ ወደጠፋው ሬዲዮ ፊታቸውን አዞሩና እንባቸውን ሳይጠርጉ፦

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ» አሉት።

እኛም ተራ በተራ ወደ ሬዲዮው እየቀረብን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ አልን።