እኩያዬ የሆነው በር

ሽርርር... ሽርርር... ከዚያ አፍታ ዝም፤ ከዚያ ደግሞ ሽርርር። ልጅነቴን ባሰብሁ ቁጥር ቀድሞ ጆሮዬ ውስጥ የሚገባው ይህ ድምፅ ነው። አባቴ ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ጀርባ ባለችው ጠባብ መሥሪያው ውስጥ እንጨት ሲልግ የሚሰማ ድምፅ ነበር። መላጊያው ሳንቃው ላይ ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ቀጭን ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ መሬት ይወርዳል። እኔና ታናሽ እህቴ እየለቀምን እንደ ጉትቻ ጆሯችን ላይ እናንጠለጥለው ነበር። አፍታ ዝም የሚለው መላጊያውን አስቀምጦ ሳንቃውን በመዳፉ ሲዳብስ ነው። «ዓይን ይሸነገላል፤ መዳፍ ግን አይዋሽም» ይል ነበር።

አባቴ አናጺ ነው። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «አባ ልክ» ይለዋል። አልጋም ወንበርም ሠርቷል፤ ልቡ ግን ከበር ላይ ነው። በር ሠርቶ ከሰቀለ በኋላ የማይለወጥ ልማድ ነበረው። እሱ ክፍሉ ውስጥ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆምና የቤቱን ባለቤት «በይ፣ እመቤቴ፣ ዝጊው» ይላታል። ሲዘጋ ከሰማው በሩን አውርዶ እንደገና ይልጋል። ካልሰማው ትንሽ ቆይቶ «ተዘጋ?» ብሎ ይጠይቃል። «ድሮ!» የተባለ እንደሆነ ፊቱ እንደ ጠዋት ፀሐይ ይበራል።

የእኛ ቤት በሮች ምን እንደሚመስሉ እንግዲህ መገመት አያዳግትም። ሰው እንደ ጥላ ይገባል፣ እንደ ጥላ ይወጣል። በዚህ ላይ አባቴ ከክፍል ሲወጣ «ደህና ሁኑ» ማለት አልፈጠረበትም። ወሬው ደርቶ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ ሳለ ዘወር ሲሉ ወንበሩ ባዶ ነው። እናቴ በዚህ ነገር እንደተቃጠለች ኖራለች።

«እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ጉም?» ትላለች። «አንድ ቀን እንኳ ሲወጣ ብሰማው ምን አለበት! ስንቴ ለባዶ ወንበር ሳወራ ተገኝቻለሁ!»

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ «እነዚህ ሽማግሌዎች ሳያረጁብን አንድ ላይ ሽርሽር እንሂድ» የሚል ሐሳብ አመጣች። የመረጠችው በግንብ የታጠረችውን ጥንታዊቷን ከተማ ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ስምንት ወር ሠርቶባታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ረግጧት አያውቅም። መሥሪያውን ከሁለት ቀን በላይ ዘግቶ የማያውቅ ሰው ስለሆነ እንቢ ይላል ብለን ማባበያ አዘጋጅተን ነበር። እሱ ግን «መቼ ነው?» ብቻ አለ።

የጉዟችን ዕለት ጠዋት እናቴ የአባቴን ሻንጣ ወደ ሚኒባሱ ልታቀብል ብታነሣው እጇ ወረደ።

«ወይ ጉድ! ይሄ ሰውዬ ድንጋይ ጭኖ ነው እንዴ ድንጋይ ሊያይ የሚሄደው?»

የአሥር ዓመቷ ልጄ ፈጥና ዚፑን ከፈተችው። በሌሊት ልብሱ መካከል፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ያ አሮጌ መላጊያ ተቀምጧል። እጀታው በመዳፉ ንክኪ ብዛት እንደ ማር ወዝቷል።

«አባዬ» አለች እህቴ ሳቋን እየታገለች፣ «ሰው ለዕረፍት ሲሄድ እኮ ጃንጥላ ነው የሚይዘው።»

አባቴ ሻንጣውን ዘግቶ እግሩ ሥር አስቀመጠው። ልጄ ግን የያዘችውን የምትለቅ አይደለችም። መኪናው ከከተማ እንደወጣ ተጠግታው ተቀመጠች።

«አባባ፣ መላጊያው ምን ያደርግልሃል?»

«አንድ በር አለብኝ።»

«የት?»

«እዚያው። አበላሽቼው ነው የመጣሁት።»

እናቴ ከፊት ወንበር ሳትዞር «ተናገረው እንግዲህ!» አለች። «አርባ ስድስት ዓመት ሆድህ ውስጥ ቆልፈህበት!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴ በዚያች ከተማ አንድ የጥንት ነጋዴ ቤት ሲታደስ፣ በበሰበሱት በሮች ፈንታ የአሮጌውን ንድፍ እየተከተለ አዲስ ይሠራ ነበር። የመጨረሻው ወደ ግቢው የሚያይ የውስጠኛው ክፍል በር ነው። ጣውላው በደንብ አልደረቀም፤ ሁለት ሳምንት ሊያቆየው አስቦ ሳለ በስልክ መልእክት መጣ። ሚስቱ ወሯ ሳይሞላ ምጥ ይዟታል። ክፍሉን ክፍት ትቶ መሄድ አልሆነለትምና በሩን ከነእርጥበቱ ሰቀለው። የታችኛው ጠርዝ ወለሉን ይነካል። አልላገውም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አለ አባቴ። «እኔ አፍስሼ ሳልለቅም ሄድኩ።»

«ቤት ስትደርስስ?» አለች ልጄ።

«ቤት ሲደርስማ» አለች እናቴ፣ «አባትሽ ቀድሞት ደርሶ ነበር።»

ምጥ ያስያዘው ያ ልጅ እኔ ነኝ። በእኔ ምክንያት ሳይላግ የቀረ በር መኖሩን ያን ቀን፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ መኪና ውስጥ ሰማሁ። ለምን እስከዛሬ እንዳልተነገረኝ ስጠይቅ እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወቀሳ እንዳይመስልብህ ነዋ» አለችኝ። አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።

«ምን ያህል ነው የቀረህ?» አለች ልጄ።

ትንሿን ጣቷን ያዘና ጥፍሯን አሳያት። «ይህችን ታህል። አሥር ጊዜ ብልገው ያልቃል። አሥር ጊዜ!»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከእህቴ ኋላ ኋላ ስንኳትን ዋልን። ግንቡን ዞርን፤ ጠባቦቹን የድንጋይ መንገዶች ወጥተን ወረድን፤ ማማው ሥር ቆመን ፎቶ ተነሣን። እህቴ የሚታየውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ስለነበር ማንም ወዲያ ወዲህ ማለት አይችልም። አባቴ ያለ ማጉረምረም ተከተለን። ሁላችን ወደ ማማው ጫፍ ስናንጋጥጥ ግን እሱ የመግቢያውን በር ማጠፊያ ይመረምራል።

«ወደ ላይ እይ እንጂ፣ አባዬ!»

«ላዩ የግንበኛ ሥራ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ከእህቴ ዝርዝር ላይ የነጋዴው ቤት ተራ ደረሰ። ያን ዕለት አባቴ ከሁላችን ቀድሞ ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

ቤቱ ሙዚየም ሆኗል። ግቢውን አቋርጠን ወደ ውስጠኛው ክፍል ስንደርስ በሩ ገጠም ብሎ ነበር። ልጄ ገፋችው። ክርርርርክ! ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሽማግሌ ጮኸ። ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጎልማሳ የቤቱ ጠባቂ ሹራብ እየሠራች ተቀምጣለች። ድምፁን ስትሰማ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰማችሁት? ይህ በር ሦስት መቶ ዓመቱ ነው። ድምፁን የቤቱ ድምፅ እንለዋለን። የጥንት አናጺዎች እንግዳ መምጣቱ እንዲታወቅ ሆን ብለው ነው እንዲህ አድርገው የሠሩት።»

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። ልጄ አፏን ስትከፍት አባቴ መዳፉን አናቷ ላይ ጣል አደረገባት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። በሩ ሲሄድ ሲመለስ የድንጋዩን ወለል ፍቆ እንደ ጨረቃ ግማሽ ክብ ሥሎበታል። በጣቱ ተከተለው።

«አባባ፣ በእጅ አይነካም!» አለች ጠባቂዋ።

«እሺ፣ የኔ እመቤት» አለ እጁን እየሰበሰበ። ለራሱ ግን «ይህን ሁሉ ድንጋይ በላ!» ሲል ሰማሁት።

እናቴ ከዚያ በላይ አልቻለችም። «የኔ እህት፣ ይሄን በር የሠራው ይሄ ሰውዬ ነው።»

ጠባቂዋ ብዙ የሰማ ሰው ፈገግታ ፈገግ አለች። «ባለፈው ወርም አንድ እንግዳ ግንቡን አያቴ ነው የገነባው ብለውኝ ነበር።»

«የእሳቸውን አያት አላውቅም፤ ባሌን ግን አውቃለሁ። በሩ ሦስት መቶ ዓመቱ ከሆነ፣ ይሄ የበኩር ልጄም ሦስት መቶ ዓመቱ ነው። በአንድ ሰሞን ነው የመጡት!»

«ሦስት መቶ ይመስላል እኮ» አለች እህቴ እኔን ከላይ እስከ ታች እያየች።

በሳቃችን መካከል አባቴ ትከሻዬን ተደግፎ ተነሣ። ወደ በሩ ሄደ፤ እጀታውን ያዘ፤ በጣም ጥቂት፣ ለዓይን በማይታይ ልክ ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ማጠፊያው ጠጋ አደረገውና ዘጋው። ምንም አልተሰማም። ከፈተው። ምንም።

የጠባቂዋ እጅ ሹራቡ ላይ ቆመ።

«ማን አሳየዎት?» አለች ድምፅዋ ተለውጦ። «ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጠባቂ ጡረታ ሲወጡ ነው ያሳዩኝ።»

«ለእሳቸው ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ያኔ ወጣት ዘበኛ ነበሩ። ሲስቁ ትከሻቸው ይነቃነቃል። እስክመለስ ድረስ እንዲህ እያደረግህ ዝጋው አልኳቸው።»

ሴትዮዋ ከወንበሯ ተነሣች። «አናጺው እስኪመለስ ነው ይሉኝ ነበር! ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ሰው እንዴት ይመለሳል ብዬ እስቅባቸው ነበር።» ወንበሯን ወደ እሱ ገፋችለት። «ይቀመጡ፣ አባቴ። ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። ከሻንጣው ፎጣውን አወጣ፤ ከፎጣው መላጊያውን። «ከሦስት መቶው ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ አራቱን ቢቀንሱልኝ አይከፋኝም» አለ። «ደግሞ ሆን ብዬ አይደለም። ስህተት ነው። ቢፈቅዱልኝ አሥር ጊዜ ልጌው ልሂድ።»

ሴትዮዋ መላጊያውን አየች፤ በሩን አየች። «ፍቀጂ ብለው ቢጠይቁኝ አልችልም። ግን ወደ መስኮቱ ዞሬ ሹራቤን ብሠራ የሚከለክለኝ የለም። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።» ከዚያ «አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ» አለች። «ቀኑን ሙሉ እዚህ ብቻዬን ነኝ። ሰው መምጣቱን የማውቀው በእሱ ነው። ዝም ካለ ይናፍቀኛል። ግን የሠራው ያውቃል።» እውነትም በርጩማ ስባ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ።

«አባዬ፣ ተወው! ቅርስ ነው እኮ» አለች እህቴ።

«ቅርስ ያደረገው እሱ አይደለም እንዴ? ይላገውና ይውጣለት!» አለች እናቴ። «የእኔን እንጂ የእናንተን እንቅልፍ አልነሣ።»

«አይላግ! ድምፁ ያምራል» አለች ልጄ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴም መላጊያውን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ወደ እኔ አየ። የመጣልኝ ይህ ብቻ ነው።

«እኔስ ስወለድ ጮኬ ነበር?»

«አገር እስኪሰማ!» አለች እናቴ።

«ታዲያ ዝም አሰኛችሁኝ?»

«ማን ችሎ!»

አባቴ ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ዓይኑ ብቻ ይጠባል። ከዚያ ተነሣና ከክፍሉ መካከል ቆመ። ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ዓይኑን ጨፈነ። መላጊያው በቀኝ እጁ ነበር።

«በይ፣ እመቤቴ፣ ዝጊው» አለ ልጄን።

ዘጋችው። ክርርርርክ! አለ፤ ድንጋዩን እየፋቀ፣ የግማሽ ክቡን መንገድ ሁሉ ሄዶ መቃኑ ላይ አረፈ። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ሁላችን መላጊያውን እናይ ነበር። የመጨረሻው ድምፅ ከጠፋ በኋላም ብዙ ቆየ።

«ተዘጋ?» አለ።

ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቴን አየች። «ድሮ!» አለችው።

ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ በርቶ ነበር። መላጊያውን በፎጣው ሳይጠቀልል፣ የሴትዮዋ የክር ኳሶች ካሉበት የመስኮት ደፍ ላይ አስቀመጠውና ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ጠባቂዋ ፊቷን ወደ እኛ መለሰች። መላጊያውን ስታየው በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ተወችው።

ከዚያ ወሬው ደራ። እናቴ የተወለድሁበትን ቀን ለሴትዮዋ ትተርክላት ጀመር፤ አዋላጇ እንዴት ዘግይታ እንደመጣች፣ ጎረቤቶቿ እንዴት ከእሷ ብሰው እንደተንጫጩ፣ ይሄ ሰውዬ በማግስቱ ጸጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንደያዘ ደርሶ ከበሩ ላይ እንዴት እንደ ሐውልት ደርቆ እንደቀረ። ሴትዮዋ ሹራቧን ትታ ትስቃለች፤ እህቴ ያልነበረችበትን ታርማለች፤ ልጄ «እና ከዚያስ?» ትላለች።

«ከዚያማ» አለች እናቴ፣ «ልጁን አንሥቼ እቅፉ ላይ ሳደርግለት፣ በመዳፉ ጀርባውን እንዲህ ዳበስ አደረገና ምን ቢል ጥሩ ነው፣ አንተ፣ ምን ነበር ያልከው...»

ክርርርርክ!

እናቴ እጇን አየር ላይ እንዳንሣፈፈች አቋረጠች። ዘወር ብላ ባዶውን ወንበር አየች፤ ከዚያ በሩን። እጀታውን ሳያነሣ ነበር የወጣው።