በኛ ነው በፈረንጅ?

ከአሮጌው ኮምፒውተር ሆድ ያወጣሁት አቧራ ዓለም ጤና ከተማ ዳር ባለ እርሻ ላይ ቢበተን የአንድ ወረዳ ሽንኩርት ያበቅል ነበር። የአዳማ ነፋስ በር አያንኳኳም፤ በክሊኒኩ መስኮት ገብቶ ዓመታት ሙሉ እዚያ ሳጥን ውስጥ ሰፍሮ ኖሯል። ኮምፒውተሩም እንደ አሮጌ ሎንቺና እያጓራ ሲያስነጥስ ከርሞ በመጨረሻ አዲስ ተገዛ። ዕቃውን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር የኔ ሥራ ነው። ሃያ ዓመት የሠራሁት ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ እያልኩ እጎርራለሁ። ያን ጊዜ በእርግጥም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ክሊኒኩ የልብ አልትራሳውንድ አለው። ምስሎቹን የሚከፍተው ፕሮግራም ግን ያረጀ ነው፤ በዛሬ ዊንዶውስ አይነሣም። ስለዚህ ድሮ ቨርቹዋል ማሽን ሠራሁለት፤ በእውነተኛው ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር የድሮ ዘመን ኮምፒውተር ማለት ነው። ነርሷ ግራ ሲገባት "እርጉዝ ኮምፒውተር በይው፣ ሲስተር" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስሙ "ጽንሱ" ሆኖ ቀረ።

ኅዳር ዘጠኝ ቀን ጠዋት ጽንሱን ወደ አዲሱ እናት አዛወርኩት። ተነሣ፤ ምስል ክፈት ስለው ግን "መዝገቡን መክፈት አልተቻለም" የሚል ጽሑፍና እንደ ስልክ ቁጥር የረዘመ ቁጥር አመጣ።

በዚያው ጠዋት አንድ አባት ከዓለም ጤና ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ክሊኒኩ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስት ጊዜ አርፋ ወጣችው። ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር።

"አካም ጅርታ፣ ወንድሜ" አሉኝ አባትየው። "ከአዲስ አበባ ደወሉልኝ። ከውጭ የመጡ የልብ ሐኪሞች አሉ፣ ተራ ደርሷታል አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ የተነሣችውን ምስል ይዛችሁ በሃያ ኑ አሉኝ። የድሮውን ከአሁኑ ሳናስተያይ አንነካትም አሉ። እጄ ከገባልኝ ዛሬውኑ ሄጄ እዚያው ዘመድ ቤት እጠብቃለሁ።"

"አባቴ፣ ምን ያስቸኩልዎታል! ሃያ ገና ነው። እስከዚያ ይሄ ጽንስ ይወለዳል፣ ክርስትና ይነሣል፣ ሚስት አግብቶ ይፈታል!"

ሳቁ። ልጅቱም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ቀረ። አዳማ እህታቸው ቤት አርፈው በየጠዋቱ እንዲመጡ ተስማማን።

በመጀመሪያው ቀን ሚሞሪ አንሶት ይሆናል ብዬ ጨመርኩለት። በሁለተኛው ቀን ፕሮግራሙን ነቅዬ እንደገና ጫንኩት። በሦስተኛው ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፈተሽኩ። ያው ጽሑፍ፣ ያው ቁጥር። ልጅቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠይቀኛለች።

"ጋሼ፣ ጽንሱ ዛሬ ተራገጠ?"

"ተኝቷል። በእናቱ ወጥቶ ሰነፍ ነው።"

"የልብ ምቱንስ አዳመጡት?"

"እኔ መካኒክ ነኝ፣ እሱን ሲስተርን ጠይቂ። አንቺስ እንዴት አደርሽ?"

"እኔም እንደሱ ነኝ፤ መሀል ላይ ቆም እላለሁ።"

ያን ሦስተኛ ቀን፣ ኅዳር አሥራ አንድ መሆኑ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ ስለነበረ ሥራውን አቋርጬ ወጣሁ። አባትየው ደረጃው ላይ አገኙኝ። "ሃያ ሩቅ ነው፣ አባቴ" ብያቸው ወረድኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሲስተር ከትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። ወንበሯን ይዤባት ስለሰነበትኩ እስከዚያ ቀርባ አላየችውም።

"ጋሼ፣ የጽንሱ ቀን ድሮ በኛ አልነበር እንዴ? ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው።"

ማውሱን ለቅቄ ቀኑን አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ ፕሮግራም ፈቃድ ከዓመታት በፊት ሊያበቃ ሲል፣ የሸጡልን ሰዎች ድርጅታቸውን ዘግተው ስልካቸው እንኳ አይነሣም ነበር። እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? የጽንሱን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞላሁት፤ ኅዳርን ሦስተኛ ወር ብዬ፣ ዓመተ ምሕረቱንም የኛውን። ፕሮግራሙ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ መስሎት መሥራቱን ቀጠለ። "አገሬ ዕድሜ ትቀጥላለች!" እያልኩ በየቡና ቤቱ አወራሁት። ወር ባለቀ ቁጥር ሲስተር ቀኑን በእጇ ታስተካክለዋለች፤ ፈረንጅ ጳጉሜን ስለሌለው ያን ሰሞንማ በየማለዳው ነው። ጽንሱ ከእናቱ ሰዓት እንዳይቀዳ ማገናኛውን ያጠፋሁት እኔው ነበርኩ። ወደ አዲሱ ሳዛውር ግን ዲስኩን ብቻ አምጥቼ ሳጥኑን እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ያን ማጥፋት ረሳሁት። ጽንሱ የእናቱን ሰዓት ቀዳ፣ ፈረንጅ ሆነ፣ ፈቃዱም አለቀ። የራሴን ተንኮል አራት ቀን ሙሉ እንደ ሌላ ሰው ጥፋት ስፈልገው ነበር።

ካልተነካው የድሮ ዲስክ እንደገና ገለበጥኩ፣ ሰዓቱን ለያየሁ፣ ቀኑን በኛ ሞላሁ። ተከፈተ። የልጅቱ ልብ ጥቁር ስክሪን ላይ እንደ ዓሣ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ታየ። አባትየው ቆባቸውን አወለቁ።

ሲስተር ምስሉን ሲዲ ላይ ስትጽፍ እኔ ደግሞ ደስታዬ አፌን ፈታው። ዞር ብዬ "የርስዎስ ሃያ በኛ ነው በፈረንጅ?" አልኳቸው፤ ለቀልድ።

"ሃያ ነው ያሉት" አሉ። "ሃያ ሃያ ነው።"

ሲስተር ሲዲውን ይዛ በጣቶቿ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ከዚያ ቀስ ብላ "በፈረንጅ ከሆነ ትናንት ነበር" አለች።

ደወልን። ትናንት ነበር። ስሟ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፤ ሐኪሞቹ የሚመለሱት ለከርሞ ነው። አባትየው "ሐኪም ፊት ለፊት ካየን ይራራል" ብለው ሲዲውን በደረት ኪሳቸው ሸጉጠው በሚኒባስ ወጡ። በማግስቱ ተመለሱ። ልጅቱ ስትሄድ "ጋሼ፣ ሚስት እንዳያገባ ጠብቁት፣ ገና ልጅ ነው" ብላኝ ነበር።

ለከርሞ አልደረሰችም። ሰኔ ላይ ዓለም ጤና ቀበሯት።

ሐምሌ ውስጥ አባትየው ያንን ሲዲ ይዘው ብቻቸውን ደረጃውን ወጡ። ቤታቸው ኮምፒውተር የለም። ምስሉን ስልካቸው ላይ እንድጭንላቸው ፈለጉ። እየጫንኩ፣ ቀና ብዬ ሳላይ፣ ተናገርኩት። "አባቴ፣ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ብሰጥዎ ኖሮ አዲስ አበባ ሆነው ይጠብቁ ነበር። ሩቅ ነው ያልኩዎትም እኔ ነኝ።"



"ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ" አሉ አባትየው። "የማን ሃያ ነው ብዬ አልጠየቅኩም።"

ምስሉ አራት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ሲያልቅ ይቆማል። ስልኩን ተቀብለው አዩት፤ ቆመ። መልሰው ሰጡኝ።

"እንዳይቆም አድርግልኝ" አሉ።

አደረግኩላቸው።